ለአይሱዙህ ደረቁ ይሻላታል

ልጄ፣ እንኳን ለባለመኪናነት አበቃህ። አይሱዙ ኤን ፒ አሯን ገዝተህ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቋሪት፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በቆሎና በርበሬ ልታመላልስባት እንዳሰብህ ሰምቻለሁ። የአየር ፊልትሮዋን በሚታጠበውና ዘይት በሚቀባው ትለውጠው እንደሆነ፣ ወይስ የወረቀቱን እንደነበረ ትተወው እንደሆነ ጠይቀኸኛል። ሽማግሌ ሲጠየቅ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ልማዱ ነው ይባላል፤ እኔ ግን መልሴን አስቀድሜ ልስጥህ። የወረቀቱን ያዝ። ምክንያቱን ሳላስረዳህ ብተውህ ነገ አንዱ የመለዋወጫ ነጋዴ በሁለት ቃል ሐሳብህን ያስለውጥሃልና ትንሽ ታገሠኝ።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋው አልቀመስ ብሏል። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ያለውን ሞተር ማቆየት ይፈልጋል፣ ለማቆየት የሚያወጣውን ብር ግን መቀነስ ይፈልጋል። "አንዴ ገዝተህ ዕድሜ ልክህን እያጠብህ የምትጠቀምበት ፊልትሮ" ሲሉት ጆሮው ቢቆም አይፈረድበትም። የአንተም ጆሮ የቆመው በዚሁ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ሞተርህ ምን ያህል አየር እንደሚጠጣ እንቁጠር። የኤን ፒ አር ሞተር ይዞታው ከ4 ሊትር ተኩል ብዙ አይርቅም። በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ወደዚያ የሚጠጋ አየር ይስባል፤ በደቂቃ 2000 ዙር እየዞረ ስትነዳው ወደ 4000 ሊትር ማለት ነው። በሰዓት ሲሰላ 240 ሜትር ኩብ ይሆናል። ስፋቱ 4 በ4፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል ውስጥ ያለውን አየር በአንድ ሰዓት 5 ጊዜ ጨርሶ ይጠጣዋል። ታዲያ ያ ክፍል ኅዳር ላይ መኪና ያለፈበት የቋሪት መንገድ አቧራ የሞላበት ነው ብለህ አስብ።

አቧራውን እንደ ዱቄት አትየው። በውስጡ የአሸዋ ዘር አለ፤ አሸዋ ደግሞ ሲሊንደር ከሚሠራበት ብረት ይጠነክራል። ትልቁ ቅንጣት ቶሎ ይያዛል፣ ለዓይንም ይታያል። ሞተርን የሚጨርሰው ዓይን የማያየው፣ ከፀጉር ውፍረት ብዙ እጅ የሚያንሰው ነው፤ በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ውስጥ ልክ ስለሚገባ ሁለቱንም እየፋቀ ይኖራል። ከዚያ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል፣ ጠዋት መነሣት እምቢ ይላል። ባለቤቱ ነዳጁን ያማል፣ ፖምፓውን ያስፈትሻል፣ መጨረሻ ላይ ሞተሩ ይወርዳል። ነገሩ የተጀመረው ግን ከአንድ ዓመት በፊት በፊልትሮው በኩል ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ፊልትሮዎች። የአየር ፊልትሮ የሚፈተንበት ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፣ አይ ኤስ ኦ 5011 ይባላል። የታወቀ ዓይነት አቧራ እየመዘኑ በፊልትሮው ያስሳቡታል፣ ያመለጠውንም ይመዝናሉ። ደህና የወረቀት ፊልትሮ በዚህ ፈተና ከ99 በመቶ በላይ ይይዛል። ዘይት የሚቀቡት የጥጥ ፊልትሮዎች በአብዛኛው ከ96 እስከ 99 በመቶ ባለው ውስጥ ናቸው። ነጋዴው "ሁለትና ሦስት በመቶ ምን ልዩነት አለው?" ይልሃል። አንተ ግን የተያዘውን ትተህ ያመለጠውን ቁጠር። 100 ግራም አቧራ ቢመጣ፣ 99.5 በመቶ የሚይዘው ግማሽ ግራም ያሳልፋል፤ 97 በመቶ የሚይዘው 3 ግራም ያሳልፋል። ስድስት እጥፍ ነው። ሞተር የሚኖረውም የሚሞተውም ባመለጠው ነው እንጂ በተያዘው አይደለም።

አስፋልት ላይ ብቻ የሚሄድ ሰው ይህን ሒሳብ ችላ ቢለው ብዙ አይጎዳም፤ ወደ ፊልትሮው የሚመጣው አቧራ ራሱ ጥቂት ነውና። ከደብረ ማርቆስ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ባሕር ዳር ብቻ የምትመላለስ ብትሆን ኖሮ እንዲህ አልጨቀጭቅህም ነበር። አንተ ግን ከአስፋልቱ ወጥተህ ቀዩን አፈር ልትይዝ ነው።

"ጉልበት ይጨምራል" የሚለውን ደግሞ ለይተን እንየው፣ በእኛ አገር በተለይ የሚያታልለው እሱ ነውና። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቡሬ ከዚያም ከፍ ትላለች። በ2000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል ሲሆን እኛ ዘንድ ወደ 80 ይወርዳል። ንጹሕ የወረቀት ፊልትሮ አየሩን የሚያስቸግረው 1 ወይም 2 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ዘይት የሚቀባው ከዚያ ላይ ግማሹን ቢያቀልልህ እንኳ፣ ከፍታው ከወሰደብህ 20 ውስጥ አንዱን መለሰልህ ማለት ነው። ደግሞም ናፍጣ ሞተር ጉልበቱ የሚወሰነው ፖምፓው በሚሰጠው ነዳጅ ነው፤ አየሩ ቀድሞም ተርፎት የሚሠራ ነው። ለዚያች ታህል ጥቅም ሲሊንደርህን ለአሸዋ መስጠት "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የሚባለው ነው። ጉልበት ከፈለግህ የቆሸሸ ፊልትሮ በጊዜ ቀይር፣ ቫልቮላ አስለካ፣ ጭነት ቀንስ። የመጨረሻዋን ስናገር እንደማትሰማኝ አውቃለሁ።

ዘይት የሚቀባው ፊልትሮ ግን ሌብነት አይደለም፣ ይህን ልብ በል። ስሙ የገነነው ኬ ኤንድ ኤን የሚባለው በ1969 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በካሊፎርኒያ፣ በሪቨርሳይድ ከተማ የተጀመረ ነው፤ ኬን ጆንሰንና ኖርም ማክዶናልድ የሚባሉ የሞተር ብስክሌት ሰዎች ናቸው የመሠረቱት። ለእሽቅድምድም ሰው ተስማሚ ነው። እሽቅድምድመኛ ፊልትሮውን ከየውድድሩ በኋላ ያጥባል፣ በልኩ ይቀባል፣ ሞተሩንም በየወቅቱ ፈትቶ ያድሳል። ቅንጣት ታህል ፈረስ ጉልበት ለእሱ ገንዘብ ናት። አንተ ሞተርህን እንዲያ ልትፈታ ነው? አንተ የምትፈልገው ልጅህ አድጎ የሚነዳትን መኪና ነው።

ማጠቡንም እናንሣው። ፊልትሮው በራሱ ማጽጃ ይታጠባል፣ በጥላ ይደርቃል፣ ከዚያ ለእሱ በተሠራ ዘይት በስሱ ይቀባል። ማጽጃውም ዘይቱም ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ቡሬ ሱቅ ገብተህ አታገኘውም። ስለዚህ ምን ይደረጋል? በቤንዚን ይታጠባል፣ ያደረ የሞተር ዘይት ይቀባል። ቤንዚኑ ሙጫውን ይበላዋል፣ ወፍራሙ ዘይት አየሩን ያፍነዋል፣ የቀረው ተስቦ ወደ ውስጥ ይገባል። ሳይደርቅ የተገጠመም አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ጭነት ይጠብቀዋላ። አዳዲሶቹ ሃይሉክሶችና ኮሮላዎች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከፊልትሮው ቀጥሎ የሚገባውን አየር የምትለካ ቀጭን የጋለች ሽቦ ተቀምጣለች፤ የተረፈ ዘይት እሷ ላይ ሲጋገር ልኬቷ ይዛባል፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ይበራል። ያንተዋ አሮጌ ናፍጣ ስለሆነች ከዚህኛው ድናለች። ለወንድምህ ግን ንገረው።

ይህን ሁሉ ስል "ዘይትና የአየር ፊልትሮ አይተዋወቁም" ማለቴ እንዳይመስልህ። ሠሪው ራሱ በዘይት እንዲሠራ ያደረገው ሞተር አለ፣ እሱን ደግሞ ደረቅ አድርገህ ብታሠራው ትገድለዋለህ። የድሮዎቹ ላንድሮቨርና ቮልስዋገን የአየር ማጣሪያቸው ከታች ዘይት የያዘ ሳህን ነበረው። አየሩ ወደ ታች ወርዶ ዘይቱ ላይ ደርሶ በድንገት ወደ ላይ ይታጠፋል፤ አቧራው ከባድ ስለሆነ መታጠፍ አቅቶት ዘይቱ ውስጥ ይሰጥማል፤ ያመለጠው ከላይ ባለው የሽቦ ወንፊት ይያዛል። ወረቀት በማይገኝበት ዘመንና አገር ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ የሚያስፈልገው አንድ ብርጭቆ ዘይት ብቻ ነው። የመኪና ፋብሪካዎች የተዉት ወረቀቱ ጥቃቅኑን በተሻለ ስለሚይዝና መኪናው በዝግታ ሲነዳ የዘይቱ ሥራ ስለሚደክም ነው።

አባትህ በላህ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያጠጣባት ባለ አንድ ሲሊንደር የቻይና ፓምፕ ግን ዛሬም እንዲሁ ናት፤ ብዙ የገጠር ወፍጮ ቤትም እንዲሁ። እነዚህ በአንድ ፍጥነት ቀኑን ሙሉ ስለሚዞሩ የዘይት ሳህኑ ይስማማቸዋል። ሳህኑ ላይ የተቀረጸ መስመር አለ፤ ዘይቱ እዚያ ድረስ ይሞላል፣ ከዚያ አያልፍም። ከታች ጭቃ ሲጠራቀም ይደፋል፣ በናፍጣ ይታጠባል፣ አዲስ ይሞላል። የወፍጮ ቤት አየር ዱቄትና እብቅ የሞላበት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ማየት ያስፈልጋል። ፓምፗን በወንዙ ዳገት ላይ አጋድሞ ማሠራት ደግሞ አደጋ ነው። ሳህኑ ከተጋደመ ወይም ከመስመሩ በላይ ከተሞላ ሞተሩ ዘይቱን ይጠጣዋል። ናፍጣ ሞተር ዘይት ከጠጣ ነዳጁን ብትዘጋበትም አይጠፋም፤ ራሱን እስኪሰብር እየጮኸ ይዞራል። የሚያቆመው የአየር መግቢያውን በጠፍጣፋ እንጨት መድፈን ነው። በእጁ ሊደፍን የሚሮጥ ሰው ካየህ ጎትተህ አስቀረው። ይህን ለአባትህ በአክብሮት ንገር፤ "እገሌ ብሎሃል" በለው፣ አይቆጣህም።

የግብርና ባለሙያዋ እህትህ የምትነዳው ያማሃ ሞተር ብስክሌትም የስፖንጅ ፊልትሮ ካለው ዘይት ይፈልጋል። ስፖንጅ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ደረቅ ሳለ አቧራ አይይዝም፤ አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነው። ብዙ ሰው ያጥበውና ንጹሕ ሆኖ ስላየው ደስ ብሎት ሳይቀባ ይገጥመዋል፤ ያ ባዶ ቀዳዳ ትቶ ከመሄድ ብዙ አይለይም። በነጭ ጋዝ ታጥበው፣ ቀጥሎ በሳሙና ውኃ፤ ስትጨምቀው በመዳፍ ተጫን እንጂ እንደ ልብስ አትጠምዝዘው፣ ይቀደዳልና። በጥላ ደርቆ በሞተር ዘይት ይራስ፣ የተረፈው ተጨምቆ ይውጣ። እርጥበቱ እጅ የሚያወዛ እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም።

የወረቀት ፊልትሮ ላይ ግን ዘይትም ናፍጣም አታስነካ። "ትንሽ ናፍጣ ብትነፋበት አቧራውን ይይዝልሃል" የሚሉ አሉ፤ ወረቀቱ ተጣብቆ ይታፈናል እንጂ ምንም አይጠቅምህም። በክረምትም ውኃ ውስጥ ስትገባ ተጠንቀቅ፤ የራሰ ወረቀት ያብጣል፣ ቢደርቅም እንደቀድሞው አይሆንም።

ደረቁን ፊልትሮ የሚገድለው ከአቧራው ይልቅ የጽዳቱ ብዛት ነው። ይህን የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። አዲስ ወረቀት መጀመሪያ ላይ ጥቂት ያሳልፋል፤ ስስ የአቧራ ሽፋን ሲይዝ የበለጠ ያጠራል። ጠላ ሲጠለል አይተህ የለ? አተላው ጨርቁ ላይ ሲቀመጥ ፍሰቱ ይዘገያል እንጂ ጠላው ይጠራል። በየማታው ጋራዥ እየገባህ በኮምፕሬሰር ስታስነፋው ያንን ሽፋን እያነሣህ ነው። ጎማ የሚነፋበት አየር ደግሞ ከ6 ባር በላይ የሆነ ነው፤ በዚያ ኃይል ቅርብ አድርገው ሲተኩሱበት ወረቀቱ ላይ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ፊልትሮው ነጭ ሆኖ ይመለስልሃል፣ አንተም "ጸዳ" ትላለህ። መሬት ላይ፣ ጎማ ላይ እየደበደቡ ማራገፍም ጫፉን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ጫፍ አይዘጋም።

የግድ ማስነፋት ካለብህ ግፊቱ ከ2 ባር አይለፍ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፣ ራቅ አድርጎ ይሁን። ከዚያ ጨለማ ቦታ ውስጡ መብራት አስገብተህ እየው፤ የብርሃን ነጥብ ካለ ጣለው። እንደ ትራክተርና ትልልቅ መኪና ሁለተኛ ውስጠኛ ፊልትሮ ካለው እሱን አታጽዳው፤ ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል እንጂ አይነፋም። ቤቱ ላይ መዘጋቱን የሚያሳይ ቀይ ምልክት ካለ እሱን እመን። ከሌለ ጭሱን ተመልከት፤ ደህና የነበረች መኪና ዳገት ላይ ስትጠቁርና ስትደክም ፊልትሮው ሞልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ከፊልትሮው ቤት ሥር የተንጠለጠለች የአቧራ መትፊያ ጎማ ካለች በየጠዋቱ በጣትህ ጨመቅ አድርጋት፤ ስንቱ አፈር እንደሚወርድ ስታይ ትገረማለህ። ስትቀደድ ደግሞ በፌስታል አታስራት፣ ቀይራት።

የፈለግኸውን ዓይነት ፊልትሮ ብትገዛ አየሩ በጎን የሚገባ ከሆነ ልፋትህ ከንቱ ነው። ከፊልትሮው ቤት እስከ ሞተሩ ያለውን የጎማ ቱቦ አጥፈህ መርምር፤ እጥፋቱ ውስጥ ይሰነጠቃል። ፋሼታው ላልቶ እንደሆነ በካቻቢቴ አጥብቅ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ጣትህ ላይ ጠቅልለህ የቱቦውን ውስጥ፣ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ በኩል ያለውን ጥረግ። ጨርቁ ቀይ ሆኖ ከወጣ ክፍተት አለ፣ ሳታገኘው አትንዳ። ይህ ፍተሻ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ምንም ዕቃ አይጠይቅም፤ ከሁሉ ምክሬ አንዱን ብቻ መያዝ ከፈለግህ ይህን ያዝ።

ስትገዛም አስተውል። መርካቶ ሶማሌ ተራ የምታምነው ሰው ካለህ በእሱ በኩል አስመጣ፣ ከሌለህ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሄደህ በእጅህ ይዘህ ምረጥ። ካርቶኑ የማንኛውንም ፋብሪካ ስም ሊይዝ ይችላል፤ ዕቃው ግን ይናገራል። የወረቀቱ እጥፋት እኩል ርቀት ያለውና ጥብቅ ይሁን፣ ሙጫው ሳይቋረጥ የዞረ ይሁን፣ የጎማው ከንፈር ስትጫነው ተመልሶ የሚነሣ ይሁን። አሮጌውን ይዘህ ሂድና ቁመቱንም አፉንም አስተያይ። በ3 ሚሊሜትር ያጠረ ፊልትሮ ቤቱ ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑም ይዘጋል፣ አቧራው ግን በዳሩ ያልፋል። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስለማይጠፋ ደግሞ አንድ ትርፍ ገዝተህ ከነካርቶኑ ከወንበር ጀርባ አስቀምጥ።

ስለ አነዳድህ አንድ ነገር ልጨምር። በበጋ ከቡሬ በኩች አድርጎ ወደ ዓባይ በሚወርደው በነቀምቴው መንገድ፣ ወይም ወደ ፈረስ ቤት ስትወጣ አስፋልት ከሌለበት ቦታ ከሌላ መኪና ጭራ ተለጥፈህ አትሂድ። ፊልትሮህን የሚሞላው የአንተ ጎማ የሚያነሣው ሳይሆን የፊተኛው የሚያነሣው ነው። አቧራው እስኪሰክን ቁም፤ አምስት ደቂቃ ብትቆም በርበሬው አይበላሽም። ጠዋት ጤዛ ሳለ መነሣትም ጥሩ ነው። ረዳትህ ቅዳሜ ማታ "ፊልትሮዋን ላስነፋት" ብሎ የፊልትሮዋን ቤት ሲከፍት ካየኸው፣ እባክህ ልጄ፣ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ከእጁ ተቀበለውና ነጩን ጨርቅ ስጠው።